ሦስተኛው ወንበር

በላይፕዚግ ጎረቤቴ የሆኑት ሽማግሌ፣ ወንድማቸውን በቀበሩ በወሩ በሬን አንኳኩ። «ስካት ያለ ሦስተኛ ሰው አይሆንም» አሉኝ። በእርሳቸውና በባለቤታቸው መካከል፣ በሟቹ ወንበር ተቀመጥሁ።

32 ካርታ፣ 120 ነጥብ፤ አንዱ ብቻውን 61 ሊሞላ ይጫወታል፤ ሁለቱ ያለ ንግግር ተባብረው ይከላከሉታል። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ቆጠራው አልከበደኝም፤ የከበደኝ መስጠት ነበር። አሥር ነጥብ ያላትን ካርታ ለኋላ ብዬ ስሰስት ወይዘሮዋ ወሰዷት፤ 61 ሞሉ። ሽማግሌው ዝም አሉ። በደብተራቸው የእኔ ነጥብ እንደ ወትሮው በወንድማቸው ስም ሥር ተጻፈ።

ትናንት ግን ዙሩ የእርሳቸው መሆኑን ባወቅሁ ጊዜ፣ አሥሯን ሳልሰስት ጣልሁላቸው። 60 ሞላን፤ ለተከላካዮች ይበቃል። ሽማግሌው እርሳሳቸውን አነሡና፣ ስሜ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቁኝ።