ከፍ ያለች ፒክአፕና የተቀደደች ላስቲክ

ጄኔቭ የሚኖሩ ወገኖቻችን «ኤክስፐርቲዝ» ይሉታል፤ ዙሪክ ያሉት ደግሞ «ኤም ኤፍ ካ»። ስሙ እንደ ካንቶኑ ቋንቋ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ አገር ቤት ለቦሎ ሲባል የሚደረገው የመኪና ምርመራ ነው። እዚህ ግን መርማሪው ከሥር ገብቶ በባትሪ ያያል። ዕድሜዋ የገፋ መኪና በደንቡ በየሁለት ዓመቱ ትጠራለች። የሽያጭ ማስታወቂያ ላይ «አዲስ ኤም ኤፍ ካ ያላት» ተብሎ ከተጻፈም ገዢው ዓይኑን ጨፍኖ ያምናል።

ጄኔቭ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረ አንድ ወገናችን ደብዳቤው ሲደርሰው ቶዮታ ሃይሉክሱን በሚገባ አያት። በሥራ ቀን ሆቴል ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ቤት የሚለውጠውን ሐበሻ ሁሉ ፍራሽና ቁም ሣጥን የምታመላልሰው እሷ ናት። ደሴ ላሉት እናቱ የሚላከውም ገንዘብ ከእሷው ነው የሚገኘው። አሁን ወገቡ አልችል ስላለው ሊሸጣት አስቧል። ሲገዛት ከፍ ተደርጋ ነበር፤ የቀድሞው ባለቤት የፊቷን ቶርሽን ባር ጠምዝዞ፣ የኋላውንም ባሌስትራ ጨምሮ አስነሥቷታል። ታምራለች፤ ይህ አይካድም። የግራ ፊት ቸርኬዋ በውስጥ በኩል ግን ጥቁር ግራሶ ተረጭቶበታል።

ከጎማው ጀርባ፣ አክስሉ ላይ፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ላስቲክ አለ። የጄኔቭ ጋራዦች «ሱፍሌ»፣ የዙሪኮቹ «ማንሼቴ» ይሉታል፤ መለዋወጫ ቤት ሲሄዱ ቃሉን ማወቅ ከብዙ የእጅ ምልክት ያድናል። ላስቲኩ የሚሸፍነው ሲቪ ጆይንት የሚባለውን መገጣጠሚያ ነው፤ የፎርድ መሐንዲስ የነበረው አልፍሬድ ርዜፓ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የፈለሰፈው፣ በስድስት የብረት ኳሶች የሚሠራ፣ መሪው ቢዞርም ጎማው እኩል እንዲሽከረከር የሚያደርግ ዕቃ። ኳሶቹ የሚኖሩት በግራሶ ነው። ላስቲኩ ሲቀደድ ግራሶው ይወጣና በምትኩ ውሃ፣ አሸዋና እዚህ አገር በበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ይገባል። ከዚያ መሪ ጠምዝዘው ሲነዱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ከመጣ ላስቲክ ብቻ መቀየር ከንቱ ነው፤ መገጣጠሚያው ወይም አክስሉ ራሱ መለወጥ አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል ከተደረሰበት ግን አክስሉ ይወጣል፣ አሮጌው ግራሶ ይታጠባል፣ አዲስ ላስቲክ ከነግራሶውና ከነፋሸታው ይገባል፤ አለቀ።

ሰውየው አገር ቤት ሾፌር ነበር፤ ወሎን በላንድክሩዘር ዞሮታል። እንዲህ ያለ ላስቲክ ግን አላጋጠመውም። ያ ባለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘር የፊት አክስሉ ድፍን ነው፤ መገጣጠሚያው በብረት ቤት ውስጥ ስለተዘጋ የሚቀደድ ላስቲክ የለውም፤ ከፍ ቢያደርጉትም የአክስሉ ማዕዘን አይለወጥም። የሃይሉክሷ የፊት እግሮች ግን ለየብቻ ነው የሚንቀሳቀሱት። ዲፈረንሻሉ ከሻሲው ጋር ወደ ላይ ሲነሣ አክስሎቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ የላስቲኩ እጥፋት በአንድ በኩል ይፋተጋል፣ በሌላው በኩል ይወጠራል።

ቡና ላይ ምክር በዛ። አንዱ ድንበር ተሻግረህ አንማስ አሠራት አለው። (እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ያለ ግብር የሚገባው ዕቃ ከ300 ወደ 150 ፍራንክ መውረዱን የነገረው ግን አልነበረም።) ሌላው የባሰውን አመጣ፦ «ተሰንጥቆ የተሠራ፣ በሙጫ የሚዘጋ ላስቲክ አለ፤ አክስሉን ሳታወጣ ለጥፈው። ግራሶውን እጠብ፣ ምርመራውን እለፍ፣ ከዚያ ለዚያ ልጅ ሽጥለት።»

ልጁ ወረቀቱን ገና ያገኘ፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ለመኪና ብሎ ዕቁብ የገባ ነው። ዕጣው በቅርቡ ወጥቶለታል። የዕቁቡ ዳኛ ደግሞ ማን ሆነና! ራሱ ባለ ሃይሉክሱ ነው። በሰዓት ከ100 ፍራንክ በላይ የሚያስከፍል ጋራዥ ፊት ለቆመ ሰው ምክሩ ቀላል ፈተና አይደለም፤ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶታል።

የወረቀትም ጣጣ ነበር። በስዊስ ሕግ መኪና ከፍ ማድረግ ተመርምሮ በግራጫው ወረቀት፣ በ«ካርት ግሪዙ» ላይ የሚጻፍ ለውጥ ነው። የእሱ ወረቀት ስለ ቁመቷ አንድ ቃል አይልም።

በመጨረሻ ዙሪክ ለሚኖረው መካኒክ ለአክስቱ ልጅ ደወለ። ጄኔቭ ቤት ሥር መፍታት አይታሰብም፤ ጠብ ያለች ዘይት ከሬዢው ደብዳቤ ታስመጣለች። በአ1 አውራ ጎዳና 280 ኪሎ ሜትር ያህል በእርጋታ ነድቶ፣ ማንሻና መሣሪያ በሰዓት የሚያከራይ ጋራዥ ውስጥ ተገናኙ። አክስሉ ወጣ፤ ኳሶቹ አልተበሉም። ሁለቱም እፎይ አሉ።

«ጋሼ፣ ላስቲኩ እኮ አላጠፋም» አለ ልጁ እጁን እየጠረገ። «ያጠፋው ቁመቷ ነው። እንዲሁ ብንተዋት አዲሱም ብዙ አይቆይም።»

ዲፈረንሻሉን ዝቅ የሚያደርግ ማያያዣ መግጠም ይቻል ነበር፤ እሱም ግን ለውጥ ነው፣ እሱም ወረቀት ይጠይቃል። ስለዚህ የሁለቱም ጎን ላስቲክ ተቀየረ፤ ቶርሽን ባሩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ከኋላ የተጨመረው ባሌስትራ ወጣ። አላይመንቷም ተስተካክሎ ካሩዥ ለምርመራ ቀረበችና አለፈች።

ገዢው መጥቶ ሲያያት ፊቱ ቅር አለው። «ከፍ ያለች አልነበረችም እንዴ?» አለ። ባለቤቷ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረው፤ የተቀደደውንም ላስቲክ ከፌስታል አውጥቶ ሰጠው። ልጁ አገላብጦ አየውና ዋጋ ጠየቀ።