ለማስታወሻ

አባቴ ከጦር ሜዳ ያመጣቸው ፎቶዎች ሦስት ናቸው። በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ከሸሚዙ ሥር አስሮ ነው መተማ ያደረሳቸው። በአንዱ ብቻውን ቆሟል። በሌላው ከጓደኞቹ ጋር ምሽግ አፍ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ሦስተኛው የሌላ ወታደር ጉርድ ፎቶ ነው፤ ጀርባው ላይ «ለእናቴ ማስታወሻ ይሁን» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ልጅ ሳለሁ አጎቴ ይመስለኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለወጣቶች ክፍል የመጽሐፈ ኢያሱን 4ኛ ምዕራፍ አስተማርሁ። እስራኤላውያን ዮርዳኖስን ሲሻገሩ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች ያወጡት፣ ልጆቻቸው ኋላ አይተው እንዲጠይቁ ነው። ተማሪዎቼንም ከቤታቸው አንድ የቆየ ዕቃ መርጠው ታሪኩን ወላጆቻቸውን እንዲጠይቁ አዘዝኋቸው። አንዲት ልጅ፣ «ጋሼ፣ አንተስ ጠይቀህ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር።

በዚያው ማታ ጉርዱን ፎቶ ይዤ አባቴ አጠገብ ተቀመጥሁ።

ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. አሥመራ በሻዕቢያ እጅ ስትገባ፣ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ወታደሮች በአሥር ሺዎች ሆነው ወደ ሱዳን ሸሹ። አባቴ አንዱ ነበር። በከረን በኩል ወደ ከሰላ ሲጓዙ ጓደኛው በውሃ ጥም መንገድ ላይ ቀረ። ፎቶውን ለአባቴ የሰጠው እዚያ ነው፤ የአይከል ልጅ ነበር። አባቴ ትጥቁን ለሱዳኖች አስረክቦ፣ ከከሰላ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ገላባት ደረሰ። ሐምሌ ላይ ድንበሩን የምትለየውን ትንሽ ወንዝ ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ ሲገባ የሰሊጥ አረም ወቅት ነበር። ለአረም ተቀጠረ፤ እዚያው ቀረ።

ከመተማ ጎንደር የሚሄድ አውቶቡስ በአይከል ያልፋል። አባቴ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሷል። «አንድም ቀን አልወረድሁ» አለኝ። «እናቱ ‹አንተ እንዴት መጣህ?› ብትለኝ ምን እላለሁ?»

ጸለይን፤ በሳምንቱ አብረን ሄድን። እናቱ ካረፉ ቆይተዋል። እኅቱ ፎቶውን በሁለት እጇ ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ፣ «ተስፋ ቆርጠን ለቅሶ ስንቀመጥ የምናስቀምጠው ፎቶ አልነበረንም» አለች። አልወቀሰችም። አባቴ ግን ከመደቡ ወርዶ እግሯ ላይ ወደቀ። አነሣችው። ቡና አፈላች፤ እሱም የወንድሟን የመጨረሻ ቀን ሳያስቀር ነገራት።

ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው።

ወጣቶች ሆይ፣ እናትየው ያንን ፎቶ ሳያዩ ሞቱ። አባቴ ፈርቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ በየዓመቱ እያየሁት አልጠየቅሁም። በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ስሙን የማታውቁት ሰው ፎቶ ካለ፣ ዛሬ ማታ ይዛችሁት ከአባታችሁ አጠገብ ተቀመጡ።