በዲኤክስ ወደ ቡለን

ወደ ቡለን የሚሄድ ሰው በአንድ ጉዞ ደጋውንም ቆላውንም ያያል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጎሃ ጽዮን ሲደርስ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ይሻገራል፣ ከዚያ እየተጠማዘዘ ወደ ደጀን ይወጣል። ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቡሬን አልፎ እንጅባራ ላይ ጋቢ ያስፈልጋል፤ ብርዱ ከጥር ፀሐይ ጋር አይስማማም። ከእንጅባራ ወደ ግራ ታጥፎ ወደ ቻግኒ ሲወረድ ሹራቡ ይወልቃል፣ መስኮቱ ይከፈታል። በድባጢ በኩል ቡለን ነው።

እኛ የሄድነው በጥር 2015 ዓ.ም. ነበር። አምስት ሆነን፦ እናቴ፣ ባለቤቴ፣ እኔ እና ሁለት ልጆች። የያዝነው መኪና ከባለቤቴ አባት የወረስነውን ካርቡራተር ያለው አሮጌ ኮሮላ፣ ማለትም ሁላችንም የምናውቀውን ዲኤክስ ነው። እናቴ ቡለን ያለችውን ታላቅ እህቷን ካየች አራት ዓመት አልፏት ነበር። በመካከሉ የሆነውን አንባቢ ያስታውሳል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በደረሰው ጥቃት ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አሳውቋል። አክስቴም እንደ ብዙዎቹ ቻግኒ ተፈናቅላ ቆይታ ነው የተመለሰችው። በጥቅምት 2015 የክልሉ መንግሥት ከጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ጋር የሰላም ስምምነት ሲፈራረም እናቴ «አሁን ውሰዱኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

አንድ ነገር ግን ሁሉም ሰው ነግሮናል፦ ከመሸ አትጓዙ።

መኪናው ማንገራገር የጀመረው ከድባጢ ወዲህ ዳገት ላይ ነው። ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል፤ ዳገት ሲይዝ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ያቃስታል። ነዳጅ ሲረገጥ ፍጥነት ከመጨመር ይልቅ ይቀንሳል። ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ጭራሽ ቆመ።

በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው በሞተሪኖው ደጋግሞ በማስነሳት ባትሪውን ይጨርሳል። ባለቤቴ ግን ከአባቱ የተማረው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የታንኩን ክዳን ከፈተ። ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ ከተደፈነች ቤንዚኑ በተሳበ ቁጥር በታንኩ ውስጥ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፣ ፖምፓውም መሳብ ያቅተዋል፤ ክዳኑ ሲከፈት «ፍፍፍ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ችግሩ እሱ ነው። አልተሰማም። ቀጥሎ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ አደረገ። የዲኤክስ ፖምፓ ሞተሩ ጎን ላይ የተገጠመ፣ በሞተሩ ኃይል የሚሠራ፣ ውስጡ ስስ የጎማ ሽፋን ያለው ነው። ሞተሩ ሲግል ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፤ ፖምፓው ደግሞ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት አይገፋም። ከፍታ ሲጨምር ይህ ይብሳል፣ ምክንያቱም ደጋ ላይ ማንኛውም ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በዓባይ በረሃ አቀበት ላይ ኮፈናቸውን ከፍተው ጥላ ስር የሚጠብቁ አሮጌ መኪኖች የብዙዎቹ በሽታ ይኸው ነው። ሃያ ደቂቃ ያርፋሉ፣ ይነሳሉ። የእኛው ግን ቀዝቅዞም አልተነሳም።

ሦስተኛው ሙከራ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ልጆቹንና እናቴን ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ። ወደ ካርቡራተር የሚገባውን ቱቦ ነቅሎ ጫፉን ሃይላንድ ውስጥ ከተተና እኔ ሞተሪኖውን እንዳዞር ነገረኝ። ደህና ፖምፓ በየዙሩ ፍንጥቅ ፍንጥቅ ያደርጋል። የመጣው ግን ጠብታ ነው። ስለዚህ ካንዴላውን መፍታት አላስፈለገም፤ ነዳጅ ነው የጎደለው። ፊልትሮውን ፈትቶ ሲነፋው ቀይ ዝገት የመሰለ ዱቄት ወጣ። በሃይላንዱ ውስጥ ያለውን ደግሞ ትንሽ አሳርፈን ስናየው ከታች ጥርት ያለ ክብ ጠብታ ተኝቷል። ውኃ። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሁልጊዜ ታች ይቀመጣል፣ ፖምፓውም የሚስበው ከታች ነው። ማደያ ባዶ በሆነበት ቀን በጄሪካን የተገዛ ቤንዚን የሚያመጣው ነገር ይህ ነው፤ ማን እንደቀዳው፣ ጄሪካኑ ቀድሞ ምን እንደያዘ አይታወቅም።

ፊልትሮው በተነፋበት ልክ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳንጫነው፣ ተንፏቀን ሊመሽ ሲል ቡለን ገባን። እናቴ ከድባጢ ጀምሮ የያዘችውን መቁጠሪያ ያን ጊዜ ነው ቦርሳዋ ውስጥ የከተተችው።

ጠዋት ያገኘናቸው መካኒክ ሽማግሌ ናቸው። ጥላቸው የማንጎ ዛፍ፣ ዕቃቸው አንድ የጥይት ሳጥን ሙሉ ቁልፍ። ታሪኩን ሰምተው «ልጄ፣ መኪናሽ አላመማትም፤ ያጠጣችኋት ነገር ነው» አሉኝ። ሰልባትዮውን አውርደው የነበረውን ሁሉ ደፉ፣ በንጹህ ቤንዚን አጠቡ፣ የካርቡራተሩን ጎድጓዳ ሳህን ከፍተው የተኛውን ደለል ጠረጉ። አዲስ ፊልትሮ ግን ከተማው ውስጥ የለም። ባለቤቴ ከመርካቶ አንድ ትርፍ ይዞ ስለነበር ተገላገልን። ፊልትሮ ርካሽ ነው፤ በኪስ ይያዛል፤ ሁለት ቢያዝ ደግሞ አንዱ በመመለሻ ያገለግላል።

ጥገናው እስኪያልቅ ከተማውን አየን። ቡለን ውስጥ ሺናሻው፣ ጉሙዙ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አገው አብረው ይኖራሉ። ገበያ ላይ አንድ ሻጭ ከሦስት ሰው ጋር በሦስት ቋንቋ ሲዋዋል ሰምቻለሁ፤ በሙያዬ ሽያጭን ቀረብ ብዬ ስለማውቀው ቀናሁበት። ሺናሻዎች የክረምቱን ማብቃት ጋሪ ዎሮ በሚባለው በዓላቸው ያከብራሉ፤ ጊዜው መስከረም ማብቂያ ላይ ነው፣ አገሩም ያኔ አረንጓዴ ነው። እኛ የደረስነው በበጋ በመሆኑ ሣሩ ቢጫ፣ ማሩ ግን የበሰለ ነበር። አክስቴ በትልቅ ቅል ሰጠችን። ስለ ቻግኒው ጊዜ ብዙ አላወራችም፤ ስትመለስ ቤቷ ውስጥ ያገኘችው ብቸኛ ዕቃ ምጣዷ መሆኑን ነገረችን፣ በዚያው ምጣድ ላይም እንጀራ ጋግራ አበላችን።

ዛሬ ወደዚያ ማሰብ የሚፈልግ ቤተሰብ ከመኪናው በፊት የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቅ፤ በጎጃም በኩል የሚያልፈው መንገድ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በየጊዜው የሚዘጋ ነው። ነዳጅንም በተመለከተ ያኔ በጥሬ ገንዘብ ይቀዳ ነበር፤ በዚያው ዓመት ግብይቱ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ክፍያ ስለዞረ ኔትወርክ በጠፋበት ከተማ ማደያው ሞልቶም ላይቀዳ ይችላል። እንጅባራ ወይም ቻግኒ ላይ ታንኩን መሙላት ይሻላል። አሮጌ መኪና ለመሸጥ ያሰበም ብዙ አይቸኩል፦ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ የእኛን ዲኤክስ ሦስት ሰው ጠይቋል፣ ባለቤቴም ለሦስቱም አልሸጥም ብሏል።