ማን ይውጣ?

ዛሬ ስለ ክሪኬት ልጽፍ ነው። አውቃለሁ፣ ግማሾቻችሁ እዚህ ላይ ጥላችሁኝ ታልፋላችሁ። ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ደሴ ይደርሳል።

እዚህ ሌስተር የምሠራበት መጋዘን ውስጥ አብዛኛው ሠራተኛ ህንድ ነው። በፈረንጆቹ 2025 በጋ የህንድ ቡድን እንግሊዝ አገር መጥቶ አምስት ቴስት ሲጫወት እኔም ሳልወድ በግዴ ተመልካች ሆንኩ። ቴስት የሚሉት አንዱ ግጥሚያ እስከ አምስት ቀን የሚፈጅ ነው። አዎ፣ አምስት ቀን። መሃል ላይ ምሳ ይበላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ማታ ተኝቶ ይታደራል። መጀመሪያ ስሰማ ለቅሶ መቀመጥ እንጂ ጨዋታ አልመሰለኝም ነበር።

እውነቱን ለመናገር አሁንም ጨዋታው ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል አልልም። የገባኝ ክርክሩ ነው። በተለይ የሁለቱ።

አንደኛው ሁላችንም «አንክል» የምንለው ሽማግሌ ነው። ቤተሰቡ ጉጃራቲ ነው፤ እሱ ግን የተወለደው ካምፓላ ነው። ኢዲ አሚን በ1972 ሲያባርራቸው ልጅ ሆኖ እዚህ መጣ። ህንድን ከኖረባት የደገፋት ይበልጣል። ሁለተኛው ለትምህርት መጥቶ የቀረ የፑንጃብ ልጅ ነው፤ ስልኩ ከእጁ አይለይም፣ ሲናገር ደግሞ እቃ የሚጭን ሳይሆን ፍርድ ቤት የቆመ ጠበቃ ነው የሚመስለው።

ክርክራቸው ማን ይሰለፍ የሚል ነው። ይሄ ነገር ቴስት ላይ ለምን እንደሚከብድ የገባኝ ቆይቶ ነው። እግር ኳስ ላይ አሰልጣኝ ቢሳሳት በ60ኛው ደቂቃ ቀይሮ ያርማል። እዚህ ግን ሳንቲሙ ሲጣል የተጻፈው የአሥራ አንድ ሰው ስም እስከ አምስተኛው ቀን ይዘልቃል። ሰው ቢጎዳ ሜዳ ላይ ኳስ የሚለቅምለት ይገባል እንጂ የሚወረውርለትም የሚመታለትም አይገባም (ጭንቅላቱን ተመቶ ካልሆነ በቀር)። መሬቱ ደግሞ ጠባዩ ይለወጣል። መጀመሪያ ለፈጣን ወርዋሪ የሚመች የነበረው እየደረቀ፣ እየተሰነጣጠቀ ሲሄድ ኳስ ለሚያሽከረክር ይመቻል። እንግዲህ መራጩ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ቆሞ የአምስተኛውን ቀን አፈር ነው የሚገምተው።

ልጁ የሚሟገትለት ኩልዲፕ ያዳቭ ለሚባል በግራ እጁ ኳስ ለሚያሽከረክር ተጫዋች ነው። በየግጥሚያው ዋዜማ «ነገ ይገባል» ይላል። በማግስቱ ስም ዝርዝሩ ይወጣል፣ ኩልዲፕ የለም። ልጁ ካርቶን ይወረውራል። አንክል ሻዩን እያማሰለ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀዋል፦

«እሺ፣ ገባ። ማን ይውጣ?»

ልጁ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይንተባተባል። መራጮቹ ከኳሱ በተጨማሪ መምታትም የሚችሉትን ይመርጡ ነበር። አንዱ ዋሺንግተን ሰንዳር ነው። አራተኛው ግጥሚያ ማንቸስተር ላይ ህንድ ተሸነፈች ሲባል ሰንዳርና ጃዴጃ ቆመው ሁለቱም ከመቶ በላይ አስቆጠሩና ግጥሚያው በአቻ ተለያየ። ያን ቀን አንክል ምንም አልተናገረም። ለልጁ አንድ ብስኩት ብቻ አቀበለው። ከስድብ የባሰ ብስኩት ነበር።

ሌላው ጭቅጭቅ ጃስፕሪት ቡምራ ነበር። በዓለም አንደኛ ከሚባሉት ፈጣን ወርዋሪዎች አንዱ ነው፤ ጀርባው ግን ተጎድቶ ስለነበር ከአምስቱ ሦስቱን ብቻ እንደሚጫወት አስቀድሞ ተነግሯል። ሰው አበደ። ምርጡን ሰው አስቀምጦ ጦርነት የሚወጣ ማን ነው? ጉዱን ስሙ እንግዲህ። ህንድ በዚያ ክረምት ያሸነፈችው ሁለት ግጥሚያ ነው፤ ሁለቱም ቡምራ ያልነበረባቸው። በርሚንግሃም ላይ በ336 ሩጫ ልዩነት፣ ለንደን ኦቫል ሜዳ ላይ ደግሞ በ6።

የኦቫሉን ልንገራችሁ፣ አላስችል አለኝ። ሐምሌ 28፣ ሰኞ ጠዋት፣ አምስተኛው ቀን። እንግሊዝ 35 ሩጫ ይቀራታል፣ አራት መቺ አላት። ሞሐመድ ሲራጅ የሚባል ወርዋሪ አለ፤ አምስቱንም ግጥሚያ ሳያርፍ የተጫወተ። ይሄ ሰው ከአንድ ቀን በፊት ሃሪ ብሩክ የመታውን ኳስ አየር ላይ ቀልቦ፣ ቀልቦ ግን እግሩ የዳር ገመዱን ረገጠ። ብሩክ ተረፈና 111 አስቆጠረ። አገር ሙሉ ሲሰድበው ያደረ ሰው ነው እንግዲህ ሰኞ የመጣው። ከቀሩት አራት ሦስቱን አስወጣ። የመጨረሻውን የእንጨቱን ዘንግ ነቅሎ። በሌላው ጫፍ ክሪስ ዎክስ ትከሻው ወልቆ፣ አንድ እጁን ሹራብ ውስጥ አስሮ፣ በሌላው መምቻ ይዞ ቆሞ ነበር። መጋዘናችን ውስጥ ፎርክሊፍት ሁሉ ቆመ። ኃላፊያችን እንግሊዛዊ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ «ወደ ሥራ» አለ።

ተከታታዩ 2ለ2 አለቀ። ክርክሩስ? አላለቀም። አንክል «ሳይሸነፉ ወጡ፣ መራጮቹ ልክ ነበሩ» ይላል። ልጁ «ኩልዲፕ ቢኖር 3ለ1 ነበር» ይላል። ማን ይረታል? ኩልዲፕ አንዲት ኳስ አልወረወረም፣ ስለዚህ አንዲት ኳስ አልተሳሳተም። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ማን ይችለዋል!

ይሄ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ለፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ስም ዝርዝር ሲወጣ ምን ያህል እንደተጨቃጨቅን ታስታውሳላችሁ። ቀነኒሳ፣ ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታ። የ2022ቱ የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2023 ኒውዮርክን በቦታው ክብረ ወሰን ያሸነፈው ታምራት ቶላ ተጠባባቂ። ሲሳይ ተጎዳና ታምራት ገባ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ይዞ መጣ። እኔም «ብያችሁ ነበር!» ብዬ እዚሁ ገጽ ላይ ጮኬያለሁ። ግን አንክል አጠገቤ ቢኖር ኖሮ ሻዩን እያማሰለ «ማን ይውጣ?» ይለኝ ነበር። ሲሳይ'ኮ በዚያው ዓመት ቦስተንን ያሸነፈ ሰው ነው። ቀነኒሳን አስወጣ ብባል እጄ ይታዘዝልኝ ነበር? አይመስለኝም።

አሁን ደሴ ደረስን።

ነሐሴ ላይ ስለ ኩልዲፕ ሁለት መስመር ለጥፌ ነበር፣ «ምስኪን፣ አምስት ግጥሚያ ቁጭ አለ» ብዬ። ማታውኑ በውስጥ መስመር መልእክት መጣልኝ። ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ነች፤ አሁን ሁለት ልጆች ያሏት ትልቅ ሰው። ሰላምታዋን ጨርሳ እንዲህ አለች፦ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በ1989 ለጥያቄና መልስ ውድድሩ ለምን ነበር ያልመረጡኝ?»

ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

የዚያን ጊዜ ልጆች ታስታውሳላችሁ፣ ሦስት ተወዳዳሪና አንድ ተጠባባቂ ነበር የሚሄደው። ሁለቱን መምረጥ አላስቸገረኝም። ሦስተኛው ላይ እሷና አንድ ልጅ ቀሩ። ደብተሬ ላይ ያለው ውጤት የእሷ ይበልጥ ነበር። እኔ ግን ለክፍሉ «መድረክ ላይ ትፈራለች፣ ድምፅዋ አይሰማም» አልኩ። ውሸት አልነበረም፣ ትፈራ ነበር። ግን ምክንያቱ እሱ አልነበረም። ልጁ የአከራዬ ልጅ ነው። አባትየው ከሰኔ ጀምሮ ኪራይ ሊጨምሩ እንደሆነ ነግረውኝ ነበር፣ ደመወዜን ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማንም ምረጠው ብሎ አልጠየቀኝም። እኔው ራሴ ነኝ።

የሚያሳፍረው ደግሞ ልጁ ጎበዝ ሆኖ መገኘቱ ነው። መድረክ ላይ እንደ ሬዲዮ ነው የተናገረው። ሁለተኛ ወጣን፣ ዋንጫ ይዘን ተመለስን፣ ርዕሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ አመሰገኑኝ። ኪራዩም በዚያ ዓመት አልጨመረም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ምርጫዬ ልክ እንደነበር ራሴን ያሳመንኩት በዚያ ዋንጫ ነው። እሷ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ ስታጨበጭብ አይቻታለሁ።

መልስ ለመጻፍ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ «መድረክ ትፈሪ ስለነበር ነው የኔ ልጅ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። ከዚያ ለአከራዬ ልጅ ደወልኩ፣ እሱም እዚሁ ገጽ ላይ አለ፣ ሳላስታውቀው ስለ እሱ ማውራት ነውር ስለሆነብኝ። ሰምቶኝ ሲያበቃ ሳቀ፤ ቆይቶ ግን ዝም አለ። «ቲቸር፣ እኔ'ኮ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ጎበዝ ነኝ ብዬ ማመን የጀመርኩት» አለኝ። ምን ይባላል? አሁን ዶክተር ነው፣ አመስግኑልኝ።

ለእሷ እውነቱን ጻፍኩላት፣ እንዳለ። ይቅርታም ጠየቅኳት። በማግስቱ መለሰች፦

«እናውቅ ነበር ቲቸር። ክፍሉ በሙሉ ያውቅ ነበር። እርስዎ ያውቁት እንደሆነ ነው የጠየቅኩት።»

እዚያ ትምህርት ቤት ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት አስተምሬያለሁ። በየጠዋቱ ጠመኔ ይዤ የቆምኩት የሚያውቁ ልጆች ፊት ነበር ማለት ነው። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን ኮሜንት ላይ እንዳትጽፉ፣ የምታውቋትም ብትሆኑ።

ኩልዲፕን ለምትጠይቁኝ፦ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ዴልሂ ከዌስት ኢንዲስ ጋር ሲጫወቱ አሰለፉት፣ በመጀመሪያው ዙር ብቻ አምስት ሰው አስወጣ። ልጁ ፎቶውን አትሞ የአንክል መቆለፊያ ሳጥን ላይ ለጥፎ ጠበቀው። አንክል መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ መልሶ አድርጎ አየውና «ዌስት ኢንዲስን ማን ያላሸነፈ አለ?» አለ። ፎቶውን ግን አላነሳውም፣ ዛሬም እዚያው እንደተለጠፈ ነው።