ሚጡ እና የጣርማ በር ፒስታ

የቢስክሌት ነገር ሲነሳ ወላጅና ልጅ አይስማሙም። ልጅ «ግዙልኝ» ይላል፣ ወላጅ «መኪና ይገጭሃል» ይላል። በእኔም ቤት ያው ነበር፤ ልዩነቱ የእኛ ጭቅጭቅ የባሰው ቢስክሌቱ ከተገዛ በኋላ መሆኑ ነው። በጥር 2012 ዓ.ም. የልጅ ልጄ፣ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ፣ በትምህርት ቤት ዕረፍቷ ከጣርማ በር ተነስቼ ሸዋ ሮቢት ድረስ በቢስክሌት ልውረድ አለች። የአባቷ እናት የሚኖሩት ሸዋ ሮቢት ነው፤ እስከዚያ ድረስ በየዕረፍቱ የምትሄደው በአውቶቡስ ነበር።

ቤታችን ደብረ ብርሃን ነው። እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ለሥራ ዓረብ አገር ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ቢስክሌቱም የተገዛው እሷ በላከችው ብር ነው። እንግዲህ አደራ ነው። የሰው አደራ ቢሆን ባለቤቱ ሲመጣ ትመልሳለህ፤ የልጅህ አደራ ግን በየሳምንቱ እሁድ ስልክ ደውሎ «እንዴት ናት?» ይላል።

መንገዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ ሜዳውን ይዘው ሲሄዱ ብርዱ እየጨመረ ይመጣና ድንገት መሬቱ ያልቃል። ጣርማ በር ማለት ያ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ ያወጣው፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የሙሶሊኒ ዋሻ» የሚለው መተላለፊያ እዚያ አለ፤ ርዝመቱ ከ500 ሜትር ይበልጣል፣ ከፍታውም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዋሻው ሲወጡ ጉም ካልሸፈነው የይፋት ቆላ ከእግር በታች ተዘርግቶ ይታያል። ከዚያ ኩርባው ይጀምራል፦ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ሸዋ ሮቢት እስኪደርሱ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአንድ ጉዞ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር ይወርዳሉ ማለት ነው። ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል።

እኔ ያንን መንገድ 27 ዓመት በከባድ መኪና ተመላልሼበታለሁ። መጀመሪያ በኤንትሬ፣ ኋላ በተሳቢ። የድሮ ሹፌሮች ሲያስተምሩን «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉን ነበር። ዳገቱን በሁለተኛ ከወጣኸው ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ውረደው፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል፣ ፍሬንህ ለክፉ ቀን ይቀመጥልሃል። ያንን ያልሰማ ሰው ታች ሳይደርስ የፍሬኑ ሸራ ሽታ ይመጣበታል። ሽታው ከመጣ በኋላ ያለውን ልጆች በሚያነቡት ገጽ ላይ አልጽፈውም።

ስለዚህ ሚጡ «ልውረድ» ስትል በዓይኔ የመጣው ቢስክሌቱ ሳይሆን ከኋላዋ የሚመጣው ተሳቢ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ጉዳዩን በሌላ በኩል ያዘችው፦ «ሴት ልጅ በዚያ ገደል! ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ለዚህ እንኳ መልስ ነበረኝ። ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ በቢስክሌት 24ኛ ሲወጣ፣ በኢትዮጵያ ቢስክሌት የፖስታ ቤት ሰው ዕቃ ነው የሚል ብዙ ነበር። ዛሬ የትግራይ ሴት ልጆች በአፍሪካ ሻምፒዮና ሜዳሊያ ይዘው ይመለሳሉ። ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን ሲጋልብ በቴሌቪዥን አይተን የለም እንዴ? ባለቤቴ «እነሱን ሐኪም የጫነ መኪና ይከተላቸዋል» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ጎረቤታችን የፊዚክስ መምህር ነው። ቡና ላይ ተነስቶበት ወረቀት አምጡ አለና አሰላልን። ልጅቷና ቢስክሌቱ አንድ ላይ 60 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት ሦስት ሊትር ውሃ አፍልቶ ይተርፈዋል። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ የቀረውን የሚሸከሙት ቸርኬውን የሚይዙት አራት ቁራጭ ጎማዎች ናቸው። እኔን የመታኝ ይሄ ነው። መኪና ሞተር አለው፣ ማርሽ ይይዘዋል። ቢስክሌት ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ባዶውን ነው የሚሽከረከረው፣ ማርሹ ምንም አይረዳም። ያለው ያ ቁራጭ ጎማ ብቻ!

ግን «አይሆንም» ብዬ አልተውኩትም። የ14 ዓመት ልጅ «አይሆንም» ሲባል ምን እንደሚያደርግ ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል፤ አንድ ቀን ሳይነግርህ ይሄዳል። «እሺ፣ መጀመሪያ ፒስታ» አልኳት።

ከጣርማ በር ዋሻ ሳይደርሱ ወደ ግራ የሚገነጠል መንገድ አለ፤ በመዘዞ በኩል ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ መንዝ የሚወስደው። ያኔ ጠጠር ነበር። ያ መንገድ ጓሳን ይነካል። የመንዝ ሰው የጓሳውን ሣር «ቄሮ» በሚባለው ሥርዓት ከ300 ዓመት በላይ ጠብቆ ያቆየበት አገር ነው፤ ሣሩ ለተወሰነ ዓመት ይዘጋል፣ ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የቀድሞ ረዳቴ ዛሬ የራሱ ፒካፕ አለው። ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ለሚጡ ነው? ነገ እመጣለሁ» አለ። ቢስክሌቱን ጭነን ማልደን ወጣን። ሜዳው ላይ ውርጩ ገና አልሟሸሸም ነበር፣ ጅብራዎቹ ቆመው ያዩናል። ሚጡን አውርደን እኛ ከኋላዋ በአንደኛ ማርሽ።

ጠጠር መንገድ ላይ ልጅ ይወድቃል። ይሄን መደበቅ የለብኝም፤ ሚጡም በመጀመሪያው ሰዓት ሁለት ጊዜ ወደቀች፣ ጉልበቷ ተላጠ። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚወደቀው። ጠጠር ራሱ ያዘገይሃል። መኪናም ቢሆን በሰዓት አንድ ቢያልፍ ነው፣ አቧራው ሩቅ ሆኖ ይነግርሃል። አስፋልት ላይ ልጅ ሳትወድቅ ቆይታ አንድ ጊዜ ትወድቃለች። ጉልበት ይድናል።

እዚያው ነው ያስተማርኳት፣ እንደ ረዳት። ፍሬን የሚያዘው ከኩርባው በፊት ነው፤ ኩርባው ውስጥ ከያዝሽ ጠጠሩ ይወስድሻል። የፊቱን ብቻ አትያዢ፣ ቁልቁለት ላይ መቀመጫሽን ወደ ኋላ አድርጊ። ዓይንሽ ጎማው ሥር ሳይሆን ወደፊት ይይ፤ የምታዪው ጉድጓድ ውስጥ ነው የምትገቢው። ጎማውንም ትንሽ አስተነፈስነው፣ በጣም የተነፋ ጎማ ጠጠር ላይ ይዘላል። ረዳቴ በዚህ አልተስማማም ነበር፣ «ቸርኬው ይመታል» ብሎ። ሁለታችንም ትክክል ነበርን፤ ቸርኬው አንድ ጊዜ ተመታ፣ ልጅቷ ግን ከዚያ በኋላ አልወደቀችም።

በኋላ ሦስት ኪሎ ሜትር የምትሆን ቁልቁለት አገኘን። ወረደቻት፣ ቆንጆ አድርጋ፣ ፍሬኗን ይዛ። ታች ስንደርስ «ነይ፣ ጓንትሽን አውልቂና ቸርኬውን ንኪው» አልኳት። ነካችው፣ እጇን መንጭቃ አወጣች።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው» አለችኝ።

ምንም አልመለስኩም። ቆማ ቸርኬውን ስታይ ቆየች። ከዚያ «ደብረ ሲና ድረስ ስንት ነው? ከደብረ ሲናስ ሸዋ ሮቢት?» እያለች በጣቷ ትቆጥር ጀመር። ረዳቴ ሊነግራት ሲል በክርኔ ነካሁት።

በማግስቱ ዋሻው አፍ ላይ ቆምን። ነፋሱ ይጮሃል። አንድ ተሳቢ ከውስጥ ወጥቶ ሲያልፍ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ቢስክሌቱ ፒካፑ ላይ ነበር። ጠየቅኳት፦ «ትወርጃለሽ?» ብትል ኖሮ ምን እንደማደርግ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አድሬያለሁ፤ ቁልፉን ይዤ መሮጥ ነበር ምናልባት። «ዛሬ አልወርድም አባባ፤ ይሄኛው ፍሬን አይችለውም» አለች። አልፈራሁም ለማለት ያህል ደግሞ «ፍሬኑ ነው እንጂ» ብላ ጨመረች።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ መኪናውን ከበቡት፣ እንደ ልማዳቸው። ቆሎ ገዝተን እየቆረጠምን ወረድን። በየኩርባው «እዚህ ጋ ይያዛል፣ እዚህ ጋ ይለቀቃል» እያልኩ አሳየኋት፤ እሷ ደግሞ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ፀሐዩ ያቃጥላል። ከከተማው ወጣ ብሎ በመስኖ የሚለማው የሽንኩርት ማሳ መሃል የሚሄድ የጠጠር መንገድ ነበር፤ ሜዳ ነው፣ ልጅ የሚፈራበት ነገር የለውም። አያቷ በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ስትመጣ ስትሄድ ይቆጥሯት ነበር። የዚያን ሳምንት እሁድ ስልኩ ሲደወል ሚጡ ራሷ አንስታ ለእናቷ የነገረቻት ስለ ቸርኬው ሙቀት ነው። እናቷም «አባዬን አቅርቢልኝ» ብላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «እግዜር ይስጥህ» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ዛሬ ያስታወሰኝ፣ በዓለም ላይ የጠጠር መንገድ ቢስክሌት ፋሽን መሆኑን መስማቴ ነው። ፈረንጆቹ በ2022 የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ጣሊያን ውስጥ አድርገውለታል፤ ኬንያዎችም በማሳይ ማራ ከ2021 ጀምሮ በፒስታ ይወዳደራሉ። ጎማው ወፈር ያለ፣ ፍሬኑ ዲስክ የሆነ ቢስክሌት ይሠሩለታል። የእኛ ጓሳና መንዝ ምን ይጎድለዋል? ውርጭ አለ፣ ጭላዳ አለ፣ ጠጠርማ ሞልቷል። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፣ እሱንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ሆኗል። አያቷ ዘንድ ለመሄድ እንኳ ዛሬ መጀመሪያ ስልክ ተደውሎ «መንገዱ እንዴት ነው?» ይባላል።

ሚጡ አሁን 20 ዓመቷ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ናት። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። አንዲት ጓደኛዋ ዲስክ ፍሬን ያለው ቢስክሌት አላት፣ ታውሳታለች። ያቺ ደብተርም አልጠፋችም፣ ኩርባዎቹ ሁሉ ተጽፈውባታል።

«መንገዱ ሰላም ሲሆን» አልኳት። «እስከዚያው ረዳቴን ጠይቂው፣ ፒካፑ አለ ወይ በይው።»

«ጠይቄዋለሁ አባባ» አለችኝ። «ፍሬኑን አሳድሶታል።»