ዘርና ጫማ

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ ስለ ሰው ጠባይ የተነገረ ቢሆንም ስለ በሽታም ሲጠቀስ ይሰማል። ከአንድ ቤት ሁለት ወይም ሦስት ሰው በአንድ ዓይነት ደዌ የተያዘ እንደ ሆነ፣ ጎረቤት ሁሉ «የዘር ነው» ብሎ ይፈርድና ነገሩን ይዘጋዋል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው በዘር መውረስና አስቀድሞ መፈረድ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ለዚህም ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን በገዛ አገራችን ሰዎች ላይ የተደረገው የዝሆኔ በሽታ ምርምር ነው።

ዝሆኔ እግርን ከጉልበት በታች የሚያሳብጥ በሽታ ነው። አንደኛው ዓይነት ትንኝ በምታስተላልፈው ትል ይመጣል። ሁለተኛው ግን ያለ ምንም ትል በደጋና በወይና ደጋ አገር የሚገኝ ሲሆን፣ የምናገረውም ስለዚሁ ነው። ሊቃውንት ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ ሆኖ እግርንና አቧራን የሚያመለክት ነው። ስሙን ያወጡለት በኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ የደከሙት እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። እሳቸውና ተከታዮቻቸው እንዳስረዱት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዘመን በባዶ እግር የሚሄድ ሰው፣ ደቃቅ የአፈር ቅንጣት በቆዳው አልፎ ይገባበታል። ቅንጣቱም በእግሩ ውስጥ ያለውን የሊምፍ መሥመር እያስቆጣ ይዘጋዋል። መጀመሪያ እግር ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ ኋላም ያብጣል። በአገራችን በዚህ በሽታ የተያዙት ሰዎች ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ተገምቷል።

እኛ የጊንጪ ልጆች ይህን ነገር ከሩቅ የምንሰማው አይደለም። የከተማችን ዙሪያ ሜዳው ጥቁር መሬት ቢሆንም፣ ወደ ደጋው ሲወጣ ቀይ አፈር አለ። የደንዲና የወንጪ ተራሮችም የእሳተ ገሞራ ሥራ መሆናቸውን በጂኦግራፊ ተምረናል። በገበያ ቀን እህላቸውን ይዘው ከሚመጡት ገበሬዎች መካከል እግሩ ያበጠ ሰው ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

ሕዝቡም ለበሽታው የተለያየ ምክንያት ይሰጠዋል። አንዳንዱ እርግማን ነው ይላል፤ አንዳንዱ እባብ የሞተበትን ቦታ መርገጥ ነው ይላል፤ ብዙው ግን ዘር ነው ይላል። በሰፈራችን እግራቸው ካበጠ ብዙ ዘመን የሆናቸው አንዲት እናት አሉ። ሠርግ ሲጠሩ ከበር አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ቀሚሳቸውንም እስከ መሬት ያወርዱታል። ልጃቸውን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሌ የላኩ ሰዎች የእናቲቱን እግር ካዩ በኋላ ተመልሰው አልመጡም። ልጅቱ ግን ፍጹም ጤነኛ ናት፤ ከሕፃንነቷም ጀምሮ ጫማ ታደርጋለች። እኔ ይህን በሰማሁ ጊዜ «ታዲያ ልጅቱ ምን አጠፋች?» ብዬ አያቴን ጠየቅኋቸው። እሳቸውም «ዘር ነው ልጄ፤ ምን ይደረጋል?» አሉኝ። በዚያን ጊዜ የምመልሰው ቃል አልነበረኝም።

አያቴ የተናገሩት ከፊሉ እውነት መሆኑን የተረዳሁት ኋላ ነው። በአንድ መንደር ሁሉም በባዶ እግሩ እየሄደ ሳለ የሚታመመው ግን ጥቂቱ ነው። ይህ ለምን ይሆናል? ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ጽሑፍ በነገሩ ውስጥ የውርስ እጅ ሊኖርበት እንደሚችል አመለከቱ። ከዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው በወላይታ ብዙ ቤተሰቦችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱን አስታወቁ። የበሽተኛ ወንድም ወይም እኅት የሆነ ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በሰዎች መካከል ካለው የመጋለጥ ልዩነትም 63 ከመቶ ያህሉ በውርስ የሚመጣ መሆኑን ገመቱ። ይህ ማለት ግን ከ100 ልጆች 63ቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም። እኩል አፈር ከረገጡት መካከል አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፍበትን ልዩነት ለማስረዳት የውርስ ድርሻ ትልቅ ነው ማለት ነው።

በባዮሎጂ ትምህርት የሜንዴልን አተር ስንማር፣ አንድ ዘረ መል አንድን ጠባይ ሲወስን አይተናል። አበባው ነጭ ወይም ሐምራዊ ይሆናል እንጂ መካከለኛ የለውም። የሰው ደዌ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ቀላል አይደለም። የስኳር በሽታም ሆነ የደም ግፊት፣ ብዙ ዘረ መሎች ከምግብ፣ ከሥራና ከኑሮ ጋር ተባብረው የሚያመጡት ነው። ዝሆኔም ከዚህ ወገን ነው። ነገር ግን ከሌሎቹ የሚለየው ከውጭ የሚመጣው ምክንያት አንድና ግልጽ መሆኑ ነው፤ እርሱም አፈር ነው።

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለ ከአገር ውስጥና ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህንኑ በጥልቅ መረመሩ። ከወላይታ 194 በሽተኞችንና 203 ጤነኞችን ወስደው፣ የእያንዳንዱን ሰው የዘር ጽሑፍ በብዙ መቶ ሺህ ነጥቦች ላይ አስተያዩ። ቀጥሎም 202 በሽተኞችን ከእነ ወላጆቻቸው መርምረው ያገኙትን አረጋገጡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ልዩነቱ የተገኘው በ6ኛው ክሮሞሶም ላይ ኤች ኤል ኤ በሚባለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል የሰውነታችን ዘበኛ ወዳጅንና ጠላትን የሚለይበት ነው። እንግዲህ በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ ዘበኛው ለአፈሩ ቅንጣት ከሌላው ሰው ይልቅ አብዝቶ የሚቆጣ ይመስላል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ከምርምሩ በፊት የተደረገው ጥንቃቄ ነው። ተመራማሪዎቹ አስቀድመው ወደ ሕዝቡ ሄደው በጠየቁ ጊዜ፣ ሰዎች «ምርምራችሁ በሽታው የዘር መሆኑን ገልጦ ቤተሰባችንን የባሰ ያስንቃል» ብለው እንደሚፈሩ ተረዱ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበረ፤ እኔም በሰፈራችን ያየሁት ይህንኑ ነውና። ስለዚህ ደም ከመውሰድ አስቀድሞ ስለ በሽታው ምክንያት ማስተማር እንደሚገባ ታወቀ። ዕውቀት ያለ ማስተዋል ከተነገረ ቁስል ይጨምራል፤ በማስተዋል ከተነገረ ግን ያድናል።

እንግዲህ ለአያቴ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ልጅ ከእናቷ የምትወርሰው በሽታውን ሳይሆን ለበሽታው መጋለጥን ነው። አፈሩ እግሯን ካልነካው ውርሱ ብቻውን እግሯን አያሳብጠውም። ዘር ከልጓም ቢስብም ጫማን ግን አያሸንፍም። ከታመሙም በኋላ ተስፋ አይቆረጥም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው በምሥራቅ ጎጃም የተደረገ ጥናት፣ እግርን በሳሙና በየቀኑ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ በሽተኛውን የሚጥለውን የትኩሳትና የሕመም ጊዜ እንደሚቀንሰው አሳይቷል።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጅ ከብት ሲጠብቅም ሆነ እርሻ ሲወርድ ጫማ አይለየው፤ በተለይም ከዘመድ መካከል ዝሆኔ ያለበት ሰው ካለ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይደረግለት። ለጋብቻ ሽማግሌ የምትልኩም የልጅቱን ጠባይና ሞያ ጠይቁ እንጂ የእናቷን እግር አትጠይቁ። ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎችም፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ በየቤታችን እግሩን በነጠላ የሸፈነ ዘመድ ቢኖር ሳንጸየፈው ቀርበን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍምና፣ ውኃና ሳሙና አቅርበን እግሩን ብናጥበውም የሚያስፈራን ነገር የለም።