የለንደን ቁልፎችና የእኅቴ ልጅ

ለንደን የደረስሁት ዝናብ በሚያካፋበት ምሽት ነበር። አንድ አሮጌ ሻንጣ ይዣለሁ፤ በውስጡ እናታችን ለእኅቴ የላከችው በርበሬ፥ ሽሮና ቆሎ አለ። በሻንጣው አፍ ላይ ከመርካቶ የገዛሁት ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። እኅቴ ቤት ገብቼ፥ ሻይ ጠጥቼ፥ ሻንጣውን ልከፍት ኪሴን ብዳብስ መክፈቻው የለም። ሌላውንም ኪስ ዳበስሁ፤ ካፖርቴንም አራገፍሁ። መክፈቻው አዲስ አበባ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቷል።

«ወንድም ጋሼ፥ መዶሻ ላምጣ እንዴ?» አለች እኅቴ።

በዚህ ጊዜ የ16 ዓመት ልጅዋ ከክፍሉ ብቅ አለና፥ «አጎቴ፥ ጓጉንቸሩ የእርስዎ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ታዲያ የማን ሊሆን ኖሯል?»

«እንግዲያስ ከፈቀዱልኝ ልሞክር» አለና ከመሳቢያው በጨርቅ የተጠቀለሉ ቀጫጭን ብረቶች አወጣ። ሁለቱን መርጦ ወደ ቀዳዳው አስገባና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ጀመር። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ጓጉንቸሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

እኔ ሣቅሁ፤ እኅቴ ግን አልሣቀችም። ልጁ ከተኛ በኋላ አጠገቤ ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦ «ወንድም ጋሼ፥ እኔ ሌሊት ሥራ ነኝ፤ ልጁ ብቻውን ነው የሚያድረው። የእኛ ልጅ በዚህ አገር መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ብረት ይዞ ቢገኝ ‹መጫወቻዬ ነው› ሲል ማን ያምነዋል? ይምከሩልኝ። ካልሰማ ብረቱን ሰብስበው ይጣሉልኝ።»

እመክረዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

በማግሥቱ ለእኅቴ የውክልና ጉዳይ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ መሄድ ነበረብኝና ልጁን መንገድ እንዲመራኝ አስከተልሁት። ኤምባሲያችን የሚገኘው ፕሪንስስ ጌት በሚባለው ሠፈር፥ ከሃይድ ፓርክ ፊት ለፊት ነው። ጉዳዬን ፈጽሜ ስወጣ ምክሬን ልጀምር ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ልጁ ግን ቀደመኝና ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሣር እያመለከተ፥ «አጎቴ፥ የመስተዋቱ ቤት የነበረው እኮ እዚያ ነው» አለኝ።

አንባቢዬ፥ የመስተዋቱ ቤት የሚባለው በ1851 ዓ.ም. ለታላቁ የዓለም የሥራ ውጤቶች ኤግዚቢሽን የተሠራው ክሪስታል ፓላስ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጆሴፍ ፓክስተን የነደፈው ይህ ቤት ከብረትና ከመስተዋት የተሠራ ሲሆን፥ ርዝመቱ ከ500 ሜትር በላይ ነበረ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት በነበሩት ወራት ከ6 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ገብቶበታል። በኋላ ተነቅሎ ወደ ደቡብ ለንደን ተወሰደ፤ በ1936 ዓ.ም. ግን በእሳት ጋየ። ዛሬ በመጀመሪያው ቦታ ላይ የሚታየው ሣርና ዛፍ፥ ፈረስ የሚጋልቡና ውሻ የሚያናፍሱ ሰዎች ብቻ ናቸው። ጥቂት ወደ ምዕራብ ራመድ ሲሉ የልዑል አልበርት ሐውልት ይገኛል፤ ልዑሉ በእጁ የያዘው መጽሐፍ የዚያው ኤግዚቢሽን የዕቃዎች ዝርዝር ነው።

«ታዲያ ይህ ከቁልፍ ጋራ ምን አገናኘው?» አልሁት።

ልጁ የጠበቀው ይህንኑ ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም። አውቶቡስ ላይ አወጣኝና በፒካዲሊ ጎዳና፥ ከግሪን ፓርክ ትይዩ አወረደኝ። ቁጥሩ 124 ነው። ዛሬ እዚያ የቁልፍ ሱቅ የለም፤ በጥንቱ ጊዜ ግን የጆሴፍ ብራማ ሱቅ ነበረበት። ብራማ የዮርክሺር ገበሬ ልጅ ነበረ፤ በአናጢነት ሥራውን ጀምሮ በኋላ በውሃ ግፊት የሚሠራውን መጭመቂያ የፈለሰፈ ጠቢብ ሆነ። በ1784 ዓ.ም. ያስመዘገበው ቁልፍ ሊሰበር የማይችል ተብሎ ተደነቀ። በመስኮቱም 18 ተንሸራታች ብረቶች ያሉት አንድ ጓጉንቸር ሰቀለና፥ ያለ መክፈቻው ለሚከፍተው ሰው ወዲያው 200 ጊኒ እንደሚከፈለው ጻፈበት። ጓጉንቸሩ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት እንደተቆለፈ ተንጠልጥሎ ኖረ፤ ብራማም በ1814 ዓ.ም. ሳይሸነፍ ሞተ።

በኤግዚቢሽኑ ዓመት አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ የኒው ዮርክ ቁልፍ ሠሪዎች እንደራሴ ሆኖ ለንደን መጣ። መጀመሪያ የቸብን ቁልፍ ሞከረ። የቸብ ቁልፍ ሌባ የነካካው እንደሆነ እንቅ ብሎ ይይዝና ለባለቤቱ ያሳብቃል ተብሎ የሚታመን ነበር። ሆብስ ግን ምስክሮች ቆመው እያዩት በ25 ደቂቃ ከፈተው። ከዚያም ወደ ብራማ ወራሾች ሄዶ ጓጉንቸሩን ልሞክር ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ሦስት ዳኞች ተሰየሙ፤ የ30 ቀን ጊዜም ተሰጠው። በ16 ቀን ውስጥ በድምሩ 51 ሰዓት ደክሞ ከፈተው። የብራማ ሰዎች ቢያጉረመርሙም 200 ጊኒውን ከፈሉት። ጓጉንቸሩ ዛሬ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ንብረት ሆኖ ይገኛል።

እንግሊዞች በጣም ደነገጡ። አንዳንዱ፥ «ይህ ሰው ሌባን አስተማረ» አለ። ሌላው ግን፥ «ሌባው ቀድሞ ያውቃል፤ የማያውቀው ባለቤቱ ነው» ሲል መለሰ። ቁልፍ ሠሪዎቹም እየተጨቃጨቁ ወደ ሥራቸው ተመልሰው ቁልፎቻቸውን አሻሻሉ።

ከግሪን ፓርክ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ልጁ የሥራውን ምሥጢር አስረዳኝ። ዛሬ በየበሩ የምናየው ቁልፍ አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ልጅየው በ1860ዎቹ ያሻሻለው ነው፤ አባቱ ግን የጥንት ግብፆች የእንጨት ቁልፍ ነው። በውስጡ በሞላ የሚገፉ አምስት ወይም ስድስት ጥንድ ትንንሽ የነሐስ ዘንጎች አሉ። ትክክለኛው መክፈቻ እያንዳንዱን ጥንድ በልኩ ሲያነሣው መሐሉ ይዞራል። ፋብሪካ ደግሞ ቀዳዳዎቹን ፍጹም በአንድ መሥመር ሊበሳቸው ስለማይችል፥ መሐሉን በቀስታ ሲያዞሩት አንዱ ዘንግ ከሌሎቹ ቀድሞ ይጠብቃል። ከፋቹ የሚፈልገው ያንን ነው። «ጉልበት ካበዙበት እምቢ ይላል» አለኝ ልጁ፤ «ትዕግሥት ነው የሚወደው።»

«መልካም» አልሁት። «አሁን እናትህ የፈራችውን ንገረኝ። ሰው ክፈትልኝ ብሎህ ያውቃል?»

ጥቂት ዝም አለ። «አንድ ጊዜ» አለኝ። «በትምህርት ቤት ጓደኛዬ የሌላ ልጅ ሣጥን ልክፈትለት ብሎ ለመነኝ፤ ‹ለቀልድ ነው፥ መልሰን እንዘጋዋለን› አለ። እምቢ አልሁት። ፈሪ ነህ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አያነጋግረኝም።»

«ለእናትህ ነገርሃት?»

«አልነገርኋትም። ብረቱን ትጥልብኛለች ብዬ ፈራሁ።»

ከሁለት ሕግ አልወጣም ሲልም ጨመረልኝ። የመጀመሪያው፦ የራስህ ያልሆነውን ቁልፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አትንካ። ሁለተኛው፦ በሥራ ላይ ያለውን ቁልፍ፥ የራስህም ቢሆን፥ አትሞክር፤ ብረት ውስጡ ቢሰበር በር ተዘግቶ ይቀራልና። እነዚህን ሕጎች በልዩ ልዩ አገር ያሉ የዚህ ጨዋታ ወዳጆች ሁሉ ያውቋቸዋል፤ በጀርመን አገር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የቁልፍ መክፈት ስፖርት ማኅበር አለ።

በዚህ ጊዜ የመጣሁበትን ምክር ፈለግሁና አጣሁት። ልጁ ሌብነትን አልተማረም፤ የተማረው እምቢ ማለትን ነው። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም መደበቁ ነው። ሆብስ የተከበረው ቁልፍ በመክፈቱ ብቻ ሳይሆን ፈቃድ ጠይቆ፥ በምስክር ፊት በመክፈቱ ነው። ይህንኑ ነገርሁት፤ ራሱንም ነቀነቀ።

ማታ ሦስታችን ተቀመጥን። ልጁ የጓደኛውን ነገር ለእናቱ በራሱ አፍ ነገራት። እኅቴ ረዥም ጊዜ ዝም ብላ አየችው፤ ከዚያም፥ «ለምን ቀድመህ አልነገርኸኝም?» ብላ አቀፈችው። ፍርሃቷ ግን ከንቱ አልነበረም። በ1968 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዝ የስርቆት ሕግ፥ ከቤቱ ውጭ ለስርቆት የሚሆን መሣሪያ ለዚያው ተግባር ይዞ የተገኘን ሰው ይቀጣል። መሣሪያው በቤት መኖሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ በመንገድ ላይ ግን የልብን ንጹሕነት ለፖሊስ ማስረዳት ቀላል አይሆንም። ስለዚህ ተስማማን፦ ብረቶቹ ከቤቱ ደጃፍ አይወጡም፤ ልምምዱም በተዘጋ ክፍል ሳይሆን በሳሎን ጠረጴዛ ላይ ይሆናል።

ልመለስ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ልጁ ጓጉንቸሩን በእጁ እያገላበጠ፥ «አጎቴ፥ ይህ በጣም ደካማ ነው፤ ጠቃሚ ነገር በእንዲህ ያለ አይዝጉ» አለኝ። ሣቄ ወዲያው ጠፋ። የመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት፥ የስንቱ ሰው የመሬትና የጡረታ ፋይል ያለበት ክፍል፥ የተቆለፈው በዚሁ ዓይነት ጓጉንቸር መሆኑ ትዝ አለኝ። ጓጉንቸሩን ለልጁ ስጦታ ትቼለት መጣሁ።

ሥራ የገባሁ ዕለት ነገሩን ለአለቃዬ አስረዳሁና ቁልፉ እንዲለወጥ ጠየቅሁ። አለቃዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ትኩር ብለው አዩኝና፥ «ለመሆኑ አንተ ይህን እንዴት አወቅህ?» አሉኝ።

የእኅቴ ልጅ ምን እንደሚሰማው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ግንባሬን ላብ አሰመጠው፤ ያልሠራሁት ጥፋት ያለብኝ መሰለኝ። ሆኖም ሳልደብቅ ከሻንጣው ጀምሬ ሁሉን አጫወትኋቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ተለወጠ።